የቂሳርያ ረኃብና የባስልዮስ የነዳያን መንደር፦ የአንድ ክርስቲያን ማኅበረሰብ የጉዳይ ጥናት

ቅዱስ ባስልዮስን አብዛኛው የአገራችን ምእመን የሚያውቀው በስሙ በተጠራው ቅዳሴና ጥር 6 ቀን በሚታሰብበት በዓለ ዕረፍቱ ነው። ከዚህ የዘለቀ አንባቢም ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት የተከራከረ ሊቅ መሆኑን ያነሣል። ይህ ጥናት የሚመለከተው በዚያው ሰው ሕይወት ውስጥ ብዙም የማይተረከውን፣ በእኔ ግምት ግን የነዳያንን ጉዳይ በእጁ ለያዘ አጥቢያ ሁሉ ከሌላው ይልቅ የሚጠቅመውን ክፍል ነው፤ ይኸውም በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሳርያ በደረሰው ረኃብ ጊዜ ክርስቲያኖች በአንድ ቄስ አስተባባሪነት የተራቡትን እንዴት እንደ መገቡ፣ ረኃቡም ካለፈ በኋላ ያ በጎ ሥራ እንዳይበተን እንዴት ቋሚ ቤት እንደ ተሠራለት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ከታሪኩ በፊት አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። በመከራ ቀን ልብ ይራራል፤ ይህ ክርስቲያን ባልሆነውም ዘንድ ያለ ነገር ነው። አንድን ማኅበረሰብ በእውነት ርኅሩኅ የሚያሰኘው ዝናቡ ዘንቦ፣ ልቅሶው ጸጥ ካለ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ኃላፊ ሲሾም፣ ሐኪም ሲቀጠር፣ ግብር ሲከራከሩለት፣ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን የሚያውቅ ሰው ሲመደብ ማለት ነው። የቂሳርያው ጉዳይ ይህን ከማውቀው ሁሉ በተሻለ ያሳያል።

ከተማዪቱና ድርቁ

ቂሳርያ ዛሬ በቱርክ ካይሴሪ የምትባለው ከተማ ናት። ከባሕር ርቃ በአናቶልያ ደጋ ላይ፣ ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በኤርጂየስ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። አቀማመጧ ለጉዳዩ ወሳኝ ነበር። የባስልዮስ የልብ ወዳጅ የነበረው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንዳስረዳው፣ በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ያላቸውን ሸጠው የጎደላቸውን በመርከብ ስለሚያስመጡ እንዲህ ያለውን ችግር ብዙ ሳይጎዱ ያልፉታል፤ በመሀል አገር ያሉት ግን የተረፋቸውን አይሸጡም፣ ያጡትንም አያገኙም። በዚያ ዘመን እህልን በበሬ ጋሪ ከሩቅ አገር ማጓጓዝ ከእህሉ ዋጋ በላይ ያስወጣ ነበር። ስለዚህ ቂሳርያ አዝመራዋ ሲከዳት የቀራት በየሰዉ ጎተራ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

ድርቁ የደረሰው በ368 እና በ370 መካከል ነው። ባስልዮስ በዚያው ወቅት ካሰማው ስብከት እንደምንረዳው፣ የብርዱ ወራት በረዶ ሳይጥል ደረቅ ሆኖ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ይጠበቅ የነበረው ዝናብም ቀረ። ምድሪቱ ተሰነጣጠቀች፤ ሞልተው ይፈሱ የነበሩ ወንዞች ሴቶችና ሕፃናት በእግራቸው እስኪሻገሯቸው ድረስ ጎደሉ። ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠው፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን እያዩ፣ የደረቀውን አገዳ በእጃቸው እየዳበሱ አለቀሱ። ባስልዮስ የረኃብን አካሄድ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው መሆኑ ከቃሉ ያስታውቃል። የሰውነት ሙቀት ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ፣ ጉልበት ሥጋውን እንደማይሸከም፣ ድምፅ እንደሚሰልል፣ ዓይን ጠልቆ በቅርፊቱ ውስጥ እንደ ደረቀ ፍሬ እንደሚሆን፣ ሆድም ከጀርባ አጥንት ጋር እንደሚጣበቅ ተናግሯል። ከሞት ሁሉ የከፋው የረኃብ ሞት ነው ያለው፣ ሰይፍና እሳት ፈጥነው ሲገድሉ ረኃብ ግን ሥቃዩን ስለሚያረዝም ነው።

ረኃብ ሲገባ እህል ከአገር ጨርሶ አይጠፋም፤ ከድሃው እጅ ነው የሚርቀው። በቂሳርያም እህል ያላቸው ባለጸጎች ዋጋው ገና ይወጣል ብለው ጎተራቸውን ዘግተው ይጠባበቁ ነበር። በሌላ በኩል ድሃው ልጁን እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። ባስልዮስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስላለው ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጸጋ ሲሰብክ፣ ልጆቹን ፊቱ አቁሞ የትኛውን ልሽጥ እያለ የሚያመነታን አባት ለሰሚው ያሳየዋል። በኩሩን እንዳይሸጥ የብኵርና መብቱን ያስባል፤ ታናሹን እንዳይሸጥ ገና ምንም የማያውቅ ሕፃን በመሆኑ ያዝንለታል፤ አንዱ እናት አባቱን መሳዩ ነው፤ ሌላው ትምህርት የሚገባው ነው። በመጨረሻ አባት እያለቀሰ ሲሸጥ ገዢው በዋጋ ይከራከረዋል። ይህ በጉባኤው መካከል ለተቀመጡት ለእነዚያው እህል ሻጮች የተነገረ ቃል ነበር።

ቀድሞ የነበረ ልምድ

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው ብልጭ ያለ ሐሳብ እንዳይመስለን፣ ቀድሞ የነበረውን ልምድ ማየት ያሻል። የባስልዮስ ወንድም ነውቅራጥዮስ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በጫካ ውስጥ በብሕትውና ሲኖር፣ በዚያው አካባቢ የነበሩ ድሆችና ሕሙማን አረጋውያንን አደን እያደነ ይመግባቸው ነበር፤ የሞተውም ለዚሁ ሥራ በወጣበት ነው። በጎረቤት አውራጃ የሰባስትያው ኤጲስ ቆጶስ ኤውስታቴዎስ የድሆች መጠጊያ ቤት አቋቁሞ ነበር። ባስልዮስ በወጣትነቱ ይህን ሰው እንደ መምህር ይከተለው ነበር፤ በኋላ በሃይማኖት ነገር ቢለያዩም ከእርሱ ያየውን አልጣለውም።

የክርስቲያኖቹ ልምድ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው የጠላት ቃል ነው። ክርስትናን ክዶ የጣዖት አምልኮን ለመመለስ የተነሣው ንጉሠ ነገሥት ዮልያኖስ በ362 ለገላትያ የጣዖት ሊቀ ካህናት ለአርሳክዮስ ሲጽፍ፣ በየከተማው የእንግዳ መቀበያ እንዲሠራ ያዘዋል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን የሚጠራበት ስም ነው) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ጭምር እየመገቡ የእኛ ሰዎች ከእኛ ዘንድ እርዳታ ማጣታቸው አሳፋሪ ነው ይላል። ለዚህም ለገላትያ በየዓመቱ 30,000 ሞድዮስ (የሮማውያን የእህል መስፈሪያ) ስንዴና 60,000 ልክ የወይን ጠጅ መድቦ፣ አንድ አምስተኛው ካህናቱን ለሚያገለግሉ ድሆች፣ የቀረው ለእንግዶችና ለለማኞች እንዲሰጥ አዘዘ። ገላትያ የቀጰዶቅያ ጎረቤት ናት። ዮልያኖስ በ363 በጦርነት ሲሞት ዕቅዱም አብሮት ቀረ። በጀቱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ እንጂ ከሕዝቡ ልማድ የበቀለ ስላልነበረ መሪ ሲያጣ ወዲያው ቆመ። ለዚህ ጥናት ይህ ንጽጽር ትልቅ ክብደት አለው።

ከምሕላ ወደ ማዕድ

በረኃቡ ወቅት ባስልዮስ ገና ቄስ ነበር፤ መንበሩ የኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ነው። ሁለቱ ቀደም ሲል ተጣልተው ባስልዮስ ወደ ገዳም ሄዶ የነበረ ቢሆንም፣ ታርቀው አብረው ይሠሩ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ምሕላ አወጀች። በምሕላው ላይ የሆነው ነገር ባስልዮስን አስቆጣው። ትምህርት ቤት ያሉ ሕፃናት ሰሌዳቸውን አስቀምጠው መጡ፤ ለእነርሱ ከመምህሩ ተግሣጽ ያረፉበት ቀን ስለሆነ ደስ ብሏቸዋል። አዋቂዎቹ ወንዶች ግን ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ወደ ንግዳቸው ሄዱ። ባስልዮስ በስብከቱ ይህን ፊት ለፊት ነቀፈ፤ ኃጢአት የሌለባቸውን ሕፃናት ለልቅሶ ልካችሁ ጥፋቱ የእናንተ የሆነው እናንተ የት ናችሁ የሚል መንፈስ አለው። ከዚያም ጸሎቱን ከእህሉ ጋር አያይዞ፣ በግፍ የተጻፈውን የአራጣ ውል እንዲቀድዱ፣ ያላቸውን እንዲያካፍሉ ጠየቀ፤ የተራበውን ሊረዳ እየቻለ ስለ ስስት የተወውን ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ቆጠረው። ብርቱ ቃል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን እውነተኛው ሁኔታ ይህ ነበር፤ በጎተራው ደጃፍ የሚሞት ሰው ነበርና።

እዚህ ላይ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ የሰጠው ምስክርነት ልብ የሚነካ ነው። ባስልዮስ እንደ ሙሴ መና አላወረደም፤ እንደ ኤልያስም ማድጋ አልባረከም፤ ተአምር አላደረገም። በቃሉና በምክሩ የባለጸጎችን ጎተራ አስከፈተ፤ ከዚያም የተራቡትን ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በአንድ ስፍራ ሰበሰባቸው። ከየቦታው ልዩ ልዩ ምግብ አሰባሰበ፤ የጥራጥሬ ሾርባ የሞላባቸው ትልልቅ ድስቶችን ከአገሩ ልማድ በጨው ከተቀመመ ሥጋ ጋር አቀረበ። የጌታን አገልግሎት በማሰብ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ እያገለገለ የሰዎቹን ሥጋም ነፍስም ተንከባከበ። የባለጸጋ ልጅ፣ በአቴና የተማረ፣ ንግግሩ የተመሰገነ ሰው ሳለ በድስቱ አጠገብ መቆሙን ጎርጎርዮስ ሆን ብሎ ያነሣል። ታናሽ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ ባስልዮስ የራሱን ርስት ሸጦ ለምግቡ እንዳዋለው ይመሰክራል። ሌላውን ስጥ ከማለቱ በፊት የራሱን ሰጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ጎተራዎቹ በስብከት የመከፈታቸው ምሥጢር ከፊሉ ይህ ይመስለኛል።

ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ አንድ ዝርዝር ይጨምራል፤ ከማዕዱ የአይሁድ ልጆችም እኩል ይካፈሉ ነበር። በዚያ ዘመን በክርስቲያኖችና በአይሁድ መካከል የነበረውን መራራ ክርክር ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በድስቱ አጠገብ የቆመ አገልጋይ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። በ379 ባስልዮስ ሲያርፍ በቀብሩ ላይ አይሁድና አረማውያን ከክርስቲያኑ ጋር እየተጋፉ ማልቀሳቸው ተጽፏል።

ሥራው በከተማዪቱ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የባስልዮስ እኅት ማክሪና በጳንጦስ አውራጃ በአኔሲ በቤተሰቡ ርስት ላይ የመነኮሳይያት ማኅበር ትመራ ነበር። የእህሉ ወሬ ተሰምቶ ሕዝቡ ወደዚያ ሲጎርፍ፣ ታናሽ ወንድማቸው ጴጥሮስ ለመጣው ሁሉ ምግብ ከማቅረቡ የተነሣ ምድረ በዳው ከተማ እስኪመስል ድረስ በሰው ተሞላ። ማክሪና በዚያው ረኃብ በየመንገዱ የተጣሉ ሕፃናት ሴቶችን አንሥታ አሳደገች። እርስዋ ባረፈችበት ቀን ከሁሉ ይልቅ አምርረው ያለቀሱት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ እናታችንና ሞግዚታችን ይሉዋት ነበር። ስለ ባስልዮስ ሲነገር የእርስዋ ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ምጽዋት ከአንድ ቀን ማዕድ አልፎ ልጅን እስከ ማሳደግ የሚደርስ መሆኑን ባስልዮስ የተማረው ከቤቱ ነው።

በዚያ ሰሞን ባስልዮስ ለሰሚሳጢው ኤጲስ ቆጶስ ለሌላው አውሳብዮስ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሊጎበኘው እንደሚመኝ፣ ነገር ግን ረኃቡ ገና ስላልለቀቃቸው ከከተማው መውጣት እንደማይችል ይገልጽለታል። ሁለት ምክንያት ይሰጣል፤ አንደኛው እርዳታውን የማከፋፈል ሥራ፣ ሁለተኛው ከተጨነቁት ጋር መጨነቅ ነው። የማከፋፈሉን ሥራ ማስቀደሙን አስተውሉ።

ከማዕድ ወደ ቤት

ባስልዮስ በ370 የቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ረኃቡ አልፏል፤ ድስቶቹን ማስቀመጥ ይቻል ነበር። እርሱ ግን ከከተማው ቅጥር ውጭ ሰፊ ሥራ ጀመረ። በ372 ገደማ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ የጻፈው ደብዳቤ የዚህን ስፍራ ይዘት በራሱ በመሥራቹ ቃል ይነግረናል። በመካከሉ የጸሎት ቤት፤ በዙሪያው ለኤጲስ ቆጶሱና ለአገልጋዮች መኖሪያ፤ ለመንገደኞች ማረፊያ፤ ለሕሙማን መታከሚያ ነበረው። ለእነዚህ ሁሉ አስታማሚዎች፣ ሐኪሞች፣ የጭነት እንስሳትና መንገድ የሚያሳዩ ሸኚዎች ተመድበዋል። ደግሞም ለኑሮ የሚያስፈልጉ ሙያዎች ስለነበሩ ለእነርሱ የሚሆኑ የሥራ ቤቶች ተሠርተዋል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስገርመኝ የጭነት እንስሳቱና የሸኚዎቹ መቆጠር ነው። ታሞ የመጣ ሰው ሲድን ወደ አገሩ በምን ይመለሳል ብሎ አስቀድሞ ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው። የሥራ ቤቶቹም እንዲሁ ናቸው።

ደብዳቤው የተጻፈው ለሙገሳ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ባስልዮስ በአገረ ገዢው ዘንድ ተከስሶ ነበር፤ ሕንጻው የመንግሥትን ጥቅም ይጎዳል የሚል ወሬ ደርሶታል። መልሱ ቀጥተኛ ነው፦ ለመንገደኛና ለሕመምተኛ ማረፊያ በመሥራታችን ማንን በደልን? ከዚህ በኋላም ለግብር ሒሳብ ሹማምንት እየጻፈ የነዳያኑ ቤት ከግብር ነጻ እንዲሆንላቸው፣ በገጠር ያሉትም ተመሳሳይ ቤቶች እንዲታዩላቸው ይማጸናል። በገጠር ያሉትን የሚያስተዳድሩት የገጠር ኤጲስ ቆጶሳት ነበሩ። እነዚህ አጫጭር፣ ጌጥ የሌላቸው ደብዳቤዎች ከታላላቅ ስብከቶቹ ይልቅ የርኅራኄውን ጥልቀት ያሳዩኛል፤ ሹም ደጅ መጥናት የማንንም ስም አያስጠራምና።

ስፍራው ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በመቀበሉ ነው። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደሚለው፣ እነዚህ ሰዎች ከመሞታቸው በፊት እንደ ሞቱ ተቆጥረው ከከተማ፣ ከቤት፣ ከገበያ፣ ከውኃ ምንጭ ሳይቀር ይባረሩ ነበር፤ ሰውነታቸው ተለውጦ በስማቸው ካልሆነ በመልካቸው አይታወቁም ነበር። ባስልዮስ እንደ ወንድም አቅፎ ሳማቸው፤ ሌሎችም ከዚያ በኋላ መቅረብ ጀመሩ። ምግብ ከሩቅ መወርወር የለመደ ምእመን ኤጲስ ቆጶሱ ሲስማቸው ሲያይ ልቡ ምን ያህል እንደ ተለወጠ መገመት አያስቸግርም። ጎርጎርዮስ ስፍራውን አዲሲቱ ከተማ አለው፤ በዓለም የተደነቁትን የግብፅ ፒራሚዶችንና የባቢሎንን ቅጥሮች ጠርቶም ከዚህ ጋር አይወዳደሩም ብሏል።

ሁለት አስቸጋሪ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው የገንዘቡ ምንጭ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቫለንስ አርዮሳዊ ነበር፤ ሹሙ ሞዴስቶስ ባስልዮስን በመውረስና በስደት አስፈራርቶት፣ ባስልዮስ ከጥቂት መጻሕፍትና ከአሮጌ ልብስ በቀር የሚወረስ ነገር የለኝም ብሎ እንደ መለሰለት የታወቀ ነው። ይሁንና ያው ቫለንስ ቂሳርያን በጎበኘ ጊዜ በባስልዮስ እጅ ለሚረዱት ሕሙማን ከቤተ መንግሥቱ ርስት መሬት እንደ ሰጠ የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬጦስ ይናገራል። ባስልዮስ መሬቱን ተቀበለ፤ በሃይማኖቱ ግን አንዲት ቃል አልለወጠም። መሬቱ ለሕሙማን የተሰጠ ስለ ነበር ባስልዮስ ልመልሰው ቢል የሚጎዱት እነርሱ ነበሩ። ስለዚህ መቀበሉ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ስጦታ ተቀብሎ አንደበቱን ነጻ አድርጎ መኖር የሚችለው ቀድሞውኑ የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ነው። ብዙ ማኅበራት የሚሰናከሉት አንደበትን ነጻ አድርጎ በመኖሩ ላይ ነው።

ሁለተኛው ለማን ይሰጥ የሚለው ነው። ሄራክሊዳስ የሚባል ሰው በነዳያኑ ቤት ሳለ ለወዳጁ ለአምፊሎክዮስ እንደጻፈ ሆኖ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ የባስልዮስ ምክር ሰፍሯል። ሀብቱን መስጠት የሚወድ ሰው በራሱ እጅ ለሁሉ ከሚበትነው፣ የድሆችን ጉዳይ እንዲያስተዳድር ለተሾመው አደራ ቢሰጥ ይሻላል፤ በእውነት የቸገረውን ከስስት ከሚለምነው ለመለየት ልምድ ያስፈልጋልና። ለዚህም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ምእመናኑ የሸጡትን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያስቀምጡ እንደ ነበር ይጠቅሳል።

ይህ ምክር በችኮላ ሲነበብ የጨከነ ይመስላል። በረኃቡ ጊዜ ማንንም ሳይመረምር ያበላው ሰው እንዴት ምርመራ ይመክራል? እኔ ተቃርኖ አይታየኝም። በረኃብ ቀን ሰልፉ ላይ የቆመ ሁሉ የተራበ ነው፤ ጥያቄ አያስፈልገውም። በደኅናው ዘመን ግን ጮክ ብሎ የሚለምን ድርሻውን ሲወስድ፣ አፍሮ ቤቱ የተኛው በሽተኛና ልመና የማያውቅበት እናት ሳይታዩ ይቀራሉ። ልምድ ያለው ሰው የሚሾመው ስለ እነዚህ ነው። በየአጥቢያው የነዳያን ኮሚቴ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በበዓል ቀን ደጀ ሰላሙ ላይ የሚታደለው ዳቦ በጓዳ ለወደቀው ሰው አይደርሰውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡበትም ምክንያት በዕለታዊው እደላ ችላ የተባሉ መበለቶች ስለ ነበሩ ነው።

ከመሥራቹ በኋላ

ባስልዮስ ሲያርፍ ዕድሜው 50 እንኳ ለመድረሱ ያጠራጥር ነበር። የነዳያኑ መንደር ግን አልፈረሰም። ሕዝቡ በመሥራቹ ስም ባስልያድ ይለው ጀመር። በ5ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜን፣ ይህ የድሆች መጠለያ እጅግ ዝነኛ እንደ ሆነና ከመጀመሪያው የተሰጠውን ስም እስከ እርሱ ዘመን እንደ ያዘ ይናገራል። በኃላፊነት ካገለገሉት አንዱንም ይጠቅሳል፤ ጵራፒድዮስ የሚባል፣ ዕድሜው የገፋ መነኩሴ፣ ብዙ መንደሮችን በኤጲስ ቆጶስነት እየጠበቀ ይህንንም ቤት ያስተዳድር የነበረ ሰው ነው።